ከቦሌ ዋሽንግተን፦ በየት በኩል መብረር ይሻላል?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በአየር ቀጥታ ቢለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል 7,180 አካባቢ ይሆናል። ይህ ቁጥር የትኛውንም ትኬት ብትቆርጡ አይለወጥም። የሚለወጠው የምትደርሱበት ሰዓት ነው። በአንድ ምሽት ከቦሌ ከተነሱ ሁለት ሰዎች አንዱ በማግስቱ ጠዋት ደለስ ላይ ሻንጣውን ሲጎትት፣ ሌላው ገና ዱባይ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ቀጣዩን አውሮፕላን ሊጠብቅ ይችላል።

ትኬት ስንፈልግ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናየው ዋጋውን ነው። ይታይ፣ ችግር የለውም። ግን በዚህ መስመር ላይ አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በረራው ብዙም አያለያይም። ሰውን የሚያደክመውና ቀኑን የሚበላው መሬት ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰዓት ነው።

መንገዱ በየት ያልፋል?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጠፍጣፋ ካርታ ካያችሁ፣ ከአዲስ አበባ አሜሪካ የሚሄደው መንገድ በምዕራብ አፍሪካ በኩል አድርጎ አትላንቲክን የሚሻገር ይመስላል። ሉል ካላችሁ ግን በክር ሞክሩት። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጠር አድርጉት። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። ከዚያ ስፔንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ውቅያኖስ ላይ ይገባል። የካናዳን ምሥራቃዊ ዳርቻ ታክኮ ነው ወደ አሜሪካ የሚወርደው።

ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ማረፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አይደለም። በሮም በኩል ሲሆን ጠቅላላው 11,710 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ150 ብቻ ነው። በደብሊን 11,830፣ በካይሮ 11,860፣ በፍራንክፈርት 11,900 አካባቢ ይመጣል። ኢስታንቡል 12,110 ያደርሰዋል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ያለው ልዩነት በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚለየው። በዶሃ በኩል 13,390፣ በዱባይ በኩል 13,870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ከዱባይ ደለስ ብቻውን 11,350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለው። ከቦሌ ደለስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ወደ ምሥራቅ 2,500 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ፣ እዚያ ደርሳችሁ መንገዱን እንደ አዲስ ትጀምሩታላችሁ።

ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት ለመለወጥ ቀላል ዘዴ አለ። ርቀቱን ለ850 አካፍሉት፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ትላልቆቹ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ሲይዙ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበሩት፤ ግን ሲነሱና ሲያርፉ ስለሚያዘግሙ 850 ይቀርባል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የከፍታ ንፋስ ስላለ፣ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ከሒሳቡ ትንሽ ይረዝማል። ወደ አገር ቤት ስትመለሱ ያጥራል።

ለምንድን ነው ሲሄድ የሚቆመው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ትኬት ቆርጣችሁ፣ "ቀጥታ ነው" ተብላችሁ፣ መንገድ ላይ ስታርፉ ተበሳጭታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከደለስ ወደ ቦሌ ሲመጣ 13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ የሚበር አውሮፕላን፣ ከቦሌ ሲነሳ ለምን ነዳጅ ለመሙላት ይወርዳል?

መልሱ ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሳበት አቅም ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ይበልጥ መፍጠን፣ ለዚያም ይበልጥ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። የቦሌው ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፣ አጭር የሚባል አይደለም። ቢሆንም ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ተሳፋሪና ያ ሁሉ ሻንጣ በአንድ ላይ ተጭኖ ከዚህ ከፍታ መነሳት ይከብዳል። አንዱ መቀነስ አለበት። ተሳፋሪ ከመቀነስ ነዳጅ ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት ይሻላል። ከፊት የሚገፋው ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ የሚያስፈልገው ነዳጅ ይበልጥ ይበዛል።

የሚቆምበት ከተማ በየጊዜው ይቀያየራል። ሮምም ደብሊንም ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። በቶጎ፣ በሎሜ በኩል የሚሄድም አለ፤ ያ ግን ተሳፋሪ የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ነው፤ መንገዱም ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ የበረራ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። የት ይቆማል ብላችሁ ጠይቁ። ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ ይጠበቃል።

በነገራችን ላይ፣ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። እናም የአዲስ አበባ ሰው በእነዚህ አውሮፕላኖች ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ የሚተነፍሰው አየር ከሰፈሩ አየር ይወፍራል። ስለ አየር ማጠር የሚጨነቁ ዘመዶች ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

አማራጮቹ ሲተያዩ

በኢትዮጵያ ከቦሌ ስትነሱ፣ ነዳጅ የሚሞላበትን ጨምሮ 17 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ መሬት ላይ ትቆያላችሁ፣ ግን ከመቀመጫችሁ አትነሱም። ሻንጣ አትቀይሩም፣ በር አትፈልጉም። ስትመለሱ ደግሞ ያ 13 ሰዓት የሚወዳደረው የለም። ዋጋው በገናና በፋሲካ ሰሞን እንዲሁም በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት አይቀመስም። በሌላው ጊዜ ግን ልዩነቱ ሰው እንደሚያወራው አይሰፋም።

በፍራንክፈርት ከሄዳችሁ እስከዚያ 7 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ደለስ ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ነው። የበረራው ድምር 16 ሰዓት ያህል ነው፤ ከኢትዮጵያው ጋር አይራራቅም። መሐል ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ትኬት ነው። ከዚያ ካነሰ እምቢ በሉ። ፍራንክፈርት ሰፊ ነው፣ ፍተሻ እንደገና ሊኖር ይችላል፣ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው በባቡር ልትሄዱም ትችላላችሁ። የመጀመሪያው በረራ 40 ደቂቃ ከዘገየ ሩጫ ነው። ኢትዮጵያ፣ ሉፍታንዛና ዩናይትድ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ስለሆኑ፣ እስከ ፍራንክፈርት በኢትዮጵያ፣ ከዚያ በሉፍታንዛ ወይም በዩናይትድ አድርጎ በአንድ ትኬት መቁረጥ ይቻላል። ማይል የምትሰበስቡ ከሆነ ይህ ይጠቅማችኋል።

ኢስታንቡል 5 ሰዓትና 11 ሰዓት አድርጎ ይከፍለዋል። እኔ በበኩሌ ይህን አከፋፈል እወደዋለሁ፤ አጭሩን ጨርሳችሁ ረጅሙን አንድ ጊዜ ትተኛላችሁ። ችግሩ የቱርክ ትኬት ርካሽ የሚሆነው ብዙ ጊዜ 9 እና 12 ሰዓት የሚያስጠብቀው ላይ ነው። ካይሮም በርቀት ምንም አይልም፤ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ 12 ሰዓት ገደማ። በረራው በየቀኑ ላይገኝ ስለሚችል ቀናችሁ ከእሱ ጋር ከገጠመ ብቻ ተመልከቱት።

ዱባይና ዶሃ፣ አራት ሰዓት የማይሞላ በረራ፣ ከዚያ 14 ሰዓት ገደማ። መጠበቂያው ሦስት ሰዓት ብቻ ቢሆን እንኳ 21 ሰዓት ይጠጋል። ለዋሽንግተን ሰው በሰዓት ብቻ ከታየ የሚያዋጣ አይደለም። ታዲያ ማን ይምረጠው? ዱባይ ወይም ዶሃ የምትሠራ እህት ያለው ሰው። ሁለት ቀን አብሯት አድሮ፣ ተያይቶ፣ ወርቅም ልብስም ገዝቶ የሚያልፍ። ለእሱ መንገዱ ባክኗል አይባልም። ሳይወጣ ኤርፖርት ውስጥ ብቻ ለሚያልፍ ሰው ግን፣ ትኬቱ በደንብ ካልረከሰለት አልመክርም።

እዚህ ላይ የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት! እስከ አውሮፓ አንድ ትኬት፣ ከአውሮፓ ሌላ ትኬት ስትገዙ ድምሩ ረክሶ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ ግን ማንም አይጠየቅላችሁም። ሻንጣችሁም እዚያው ይወጣል፤ እሱን ለመቀበል ደግሞ የዚያን አገር የመግቢያ ቪዛ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። በአንድ ትኬት ከሆነ፣ ካመለጣችሁ በሚቀጥለው የማሳፈር ግዴታው የእነሱ ነው።

ሻንጣውንም አብራችሁ ቁጠሩት። በኢትዮጵያ የአሜሪካ መስመር ላይ የተለመደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በአውሮፓ አየር መንገዶች ርካሹ ትኬት አንድ ሻንጣ ብቻ፣ አንዳንዴም ምንም ላይኖረው ይችላል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ሁሉ ተጭኖ ተጨማሪ ሻንጣ ሲከፈልበት፣ ተቆጠበ የተባለው ብር እዚያው ያልቃል።

ዋሽንግተን ለማይቀረው

መድረሻችሁ ሲያትል፣ ዴንቨር ወይም የቴክሳሷ ዳላስ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። እስከ ደለስ በኢትዮጵያ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ መሄድ የለመድነው ነገር ነው። ሲያትልን እንይ። ከቦሌ ሲያትል ቀጥታ ቢለካ 13,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደለስ በኩል ሲሆን 15,260 ይሆናል። በፍራንክፈርት በኩል ግን 13,550 ብቻ ነው፤ ቀጥታ መስመሩ ላይ ያለ ያህል። ይበልጥ የሚገርመው ዱባይ ነው። በዱባይ በኩል 14,450 ገደማ ስለሆነ፣ ሲያትል ለሚኖር ሰው ዱባይ ከዋሽንግተን ይልቅ ያሳጥራል። ለዋሽንግተኑ ሰው ሩቅ ያልነው ዱባይ ለሲያትሉ ሰው አቋራጭ ይሆናል።

ርቀቱ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በምታርፉበት ኤርፖርት ነው ኢሚግሬሽኑ የሚያልቀው። ሻንጣችሁን ከቀበቶው ላይ አንስታችሁ፣ ጉምሩክ አልፋችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ። ደለስ ላይ ጠዋት ብዙ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ሲያርፍ ሰልፉ የት እንደሚደርስ ያየው ያውቀዋል። በፍራንክፈርት ቀጥታ ሲያትል ከገባችሁ ይህን ሁሉ የምትጨርሱት ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ነው። በደለስ በኩል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሰዓት፣ በተለይ ለአዲስ ገቢ ቪዛ ለያዘ ሰው አራት ሰዓት መሐል ላይ ተዉ።

አትላንታ፣ ቺካጎና ኒውዮርክ አካባቢ ያላችሁ፣ ኢትዮጵያ ወደ እናንተም ስለሚበር መጀመሪያ እሱን እዩ። ደለስ ግዴታ አይደለም።

እናትን ሲያስመጡ

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የሚያስበው ለራሱ ሳይሆን ለእናቱ ወይም ለአባቱ ነው። እዚህ ላይ ሰዓትም ዋጋም ሁለተኛ ይሁኑ። እንግሊዝኛ የማይናገሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ሰው ከሆኑ አውሮፕላን የማይቀየርበትን ምረጡ። አስተናጋጇ "እማማ፣ ምን ላምጣልዎ?" ስትላቸው የሚገላገሉት ጭንቀት በገንዘብ አይተመንም።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ ሲያርፍ መብራቱ ይበራል። "ቀበቶ ፍቱ" ይባላል። ነዳጅ በሚሞላበት ጊዜ ለጥንቃቄ የሚደረግ ነው። እሳቸው ግን ደረስን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አውርደው ይነሳሉ። ዙሪያቸውን ሲያዩ ሌላው ሰው ተቀምጧል። ያን ጊዜ ይደናገጣሉ። "መጀመሪያ ሲያርፍ አትነሺ፣ ሁለተኛው ላይ ነው እኔ የምጠብቅሽ" በሏቸው። ይበቃል።

በአውሮፓ በኩል ማምጣቱ ግድ ከሆነ ዊልቸር እዘዙላቸው። መራመድ ቢችሉም እዘዙ። አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት አሳውቁ። ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ከበር በር ያደርሳቸዋል፣ የበር ቁጥር ሲቀየርም አይጠፉም። አንዳንድ እናቶች "እኔ እግሬ ደህና ነው፣ ሰው ምን ይላል" ይላሉ። መንገድ መሪ ነው በሏቸው።

በጾም ወቅት የሚጓዙ ከሆነ በሌላ አየር መንገድ ላይ አስቀድማችሁ የቪጋን ምግብ እዘዙ። ቬጀቴሪያን ብላችሁ ካዘዛችሁ አይብና ቅቤ ያለበት ሊመጣ ይችላል።

ቪዛን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻም ቢሆን የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ትኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቀን አይታችሁ አየር መንገዱን ጠይቁ። ቦሌ ቼክ ኢን ላይ ቆሞ መከራከር አያዋጣም።

ሰዓቱን በትክክል ማንበብ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሌም የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች። እነሱ ሰዓታቸውን በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ወደፊትና ወደኋላ ያደርጋሉ፣ እኛ አንነካውም። ለምሳሌ በሐምሌ ወር ከቦሌ 22:30 ተነስታችሁ 17 ሰዓት ብትጓዙ፣ ሰባቱ ተቀንሶ ደለስ የምትደርሱት በማግስቱ 8:30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30። ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው 10 ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል። ስትመለሱ ደግሞ ከደለስ ረፋድ 11:00 ላይ ተነስታችሁ 13 ሰዓት በርራችሁ፣ ሰባቱ ተጨምሮ ቦሌ በማግስቱ 7:00 ላይ ናችሁ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። 20 ሰዓት የሄዳችሁ ይመስላል። ስለዚህ መነሻና መድረሻውን ቀንሳችሁ አታወዳድሩ፤ "ጠቅላላ ጊዜ" ብሎ የሚጽፈውን ፈልጉ።

በጣም ተጠንቀቁበት የምለው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳውን ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ ዓረብ አገር ብዙ በረራ በዚያ ሰዓት ይነሳል። ትኬቱ ረቡዕ 00:40 ካለ፣ ለእኛ ሰው ያ የማክሰኞ ሌሊት 6:40 ነው። ሽኝቱ ማክሰኞ ማታ ነው፣ ቤት የሚለቀቀውም ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ቤተሰቡ "ረቡዕ ነው የምትሄደው" ብሎ ረቡዕ ማታ ሻንጣ ጭኖ ቦሌ ሲደርስ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን አልፎታል። አገር ቤት ላሉት ስትነግሩ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ፣ ከጎኑ "ከቤት የምትወጪው ማክሰኞ ማታ" ብላችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው።